«ማግኔቷ መጣች» ተባልኩ፤ ሙገሳ ነው ስድብ?

ግራ_የገባት
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ነገር ከንክኖኛል። ትላንት ጠዋት ቢሮ ስገባ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ «ማግኔቷ መጣች!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን እንዳሳቀኝ ግን አላውቅም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። እኔ የማውቀው ማግኔት ብረት የሚስበውን ነው። ሰው ማግኔት ሲባል ምን ማለት ነው? ቆንጆ ነሽ ማለት ነው? ሰው ላይ ትለጠፊያለሽ ነው? ልጁን ልጠይቀው አልኩና ተውኩት። ሙገሳ ከሆነ «ምን ማለትህ ነው?» ማለት ያሳፍራል። ስድብ ከሆነ ደግሞ ከፍዬ ሁለተኛ መሰደብ ነው።

ፈጣን_መላሽ
ሙገሳ ነው። ትስቢያለሽ ማለቱ ነው። ቀጣይ ጥያቄ!

ቀጭን_ጥላ
ቀስ በል እንጂ ወንድሜ። እኛ ጓደኛሞች መሃል ማግኔት የምንለው ችግር የሚወደውን ሰው ነው። አንድ ጓደኛ አለን። መኪናውን የትም ያቁማት፣ የምትገጨው የእሱ ናት። ሰልፍ ይዞ ተራው ሲደርስ ሲስተም ይቋረጣል። ጃንጥላ የያዘ ቀን ፀሐይ፣ የረሳ ቀን ዶፍ። «የችግር ማግኔት» ነው ስሙ። ራሱም ተቀብሎታል፤ ስልኬ ላይ የተመዘገበው በዚሁ ስም ነው።

ሰዋስው_ወዳጅ
ለዚያ እኮ የራሳችን ቃል ነበረን። ገደ ቢስ ይባላል።

ቀጭን_ጥላ
አይደለም። ገደ ቢስ የሚባለው ለሌላው ሰው የማይቀና ነው። እሱን ያየህ ቀን ያንተ ቀን ይበላሻል። የኛ ጓደኛ ማንንም አይጎዳም። ችግሩ ሁሉንም ሰው አልፎ ነው እሱ ላይ የሚያርፈው። ከጎኑ መቆም እንዲያውም መድን ነው።

ሰዋስው_ወዳጅ
እሺ ተረታሁ። ልዩነቱ ልክ ነው።

ግን ወደ ቃሉ ልመለስና፣ ጠያቂዋን የሚጠቅማት ይመስለኛል። በግዕዝ «ሰሐበ» ማለት ጎተተ ነው። በአማርኛ ሳበ ሆነ። ከዚያ የተወለደውን ቤተሰብ ተመልከቱ። ሳቢ ስንል መልክና ጠባይዋ ዓይን የሚይዝ ሰው ነው። መስሕብ ስንል ጎብኚ የሚጠራ ቦታ ነው። ስበት ስንል መሬት ሁሉን ወደ ራሷ የምትጎትትበት ኃይል ነው። ተሳቢ ደግሞ ሁለት ነገር ነው፤ ሰዋስው ላይ ድርጊቱ የሚያርፍበት ስም፣ መንገድ ላይ ከጭነት መኪና ኋላ የሚጎተተው። ልጅ ሆኜ አስተማሪያችን «ተሳቢውን አውጡ» ሲሉን የሚታየኝ ባለ ስምንት ጎማው ነበር።

ስለዚህ «ሳቢ ነሽ» ለማለት ቃል አላነሰንም። ደም ግባት አለን፣ ዓይነ ግቡ አለን፣ ሞገስ አለን። ልጁ ይሄን ሁሉ ትቶ ማግኔት ካለ ሌላ ነገር ፈልጎ ነው።

ፈጣን_መላሽ
ምን ይፈልጋል? ዘመናዊ ነው በቃ። ማግኔት ሁሉን ይስባል፣ እሷም ሁሉን ትስባለች።

የጠመኔ_አቧራ
ልጆች፣ ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ማንበብ እንጂ መጻፍ አላበዛም። ግን «ማግኔት ሁሉን ይስባል» የሚለውን ሳይ እጄ አላርፍ አለ።

ማግኔት ሁሉን አይስብም። እጅግ መራጭ ነው። በየቀኑ ከምንነካቸው ነገሮች ጎልቶ የሚስበው ብረትን፣ ኒኬልንና ኮባልትን፣ እነሱ ያሉበትንም ቅልቅል ነው። መዳብ አጠገቡ ብታስቀምጡ ዞር ብሎ አያየውም። አልሙኒየም፣ ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስም እንደዚያው። ስለዚህ አንድን ሰው ማግኔት ካላችሁት የሚቀጥለው ጥያቄ «የምን?» ነው።

ልጅ እያለሁ ከተበላሸ ሬዲዮ ስፒከር ውስጥ ማግኔት ፈልቅቄ አወጣሁ። ክብ፣ ጥቁር፣ መሃሉ ቀዳዳ። በክር አስሬ አሸዋ ላይ ጎተትኩት። ሳነሳው ጢም አብቅሏል! ቀጭን፣ ጥቁር፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ጢም። አሸዋው ውስጥ ያለ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ነበር። በጣቴ ስጠርገው ወደ ሌላኛው ጎን ዞሮ ይቆማል እንጂ አይለቅም። ቀረብ ብዬ ሳየው እያንዳንዱ የጢም ዘለላ አንድ ፍሬ አይደለም። አንዱ ፍሬ ሌላውን ይዟል፣ ያኛው ደግሞ ሌላውን። የተሳበው ራሱ ሳቢ ሆኗል። ምስማርም እንደዚያው ነው። ማግኔት ላይ የተሰቀለ ምስማር በጫፉ ሌላ ምስማር ያነሳል። ከማግኔቱ ስታላቅቁት ግን ጉልበቱ አብዛኛው እዚያው ይቀራል።

ብሎን_ፈቺ
ጋሼ፣ ነገሩ «ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» ነዋ።

የጠመኔ_አቧራ
አርባ ዓመት ሳስተምር ይህን ምሳሌ ሳላስበው መቅረቴ! ተማሪ አይረሳውም ነበር።

ብሎን_ፈቺ
የጥገና ሰው ነኝ፣ ስለዚህ አንድ ነገር ልጨምር። የካቻቪቴ ብረት እንደ ተራ ምስማር ቶሎ አይረሳም። ጫፉን ደህና ማግኔት ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ደጋግሜ እጠርገዋለሁ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ብሎን ይዞ ይቆያል። እጅ የማይገባበት ጠባብ ቦታ ላይ ብሎኑ ጫፉ ላይ እንደተንጠለጠለ ይገባልሃል። ክፋቱ የብረት ብናኝ ሁሉ ይሰበስባል። በቀኑ መጨረሻ የካቻቪቴው አፍ ጢማም ነው፣ ልክ እንደ ጋሼ አሸዋ። ካልተጠረገ ያ ብናኝ የማይገባበት ይገባል።

እኛ ጋ ታዲያ «ማግኔት ነው» የምንለው እጁ አመለኛ የሆነውን ሠራተኛ ነው። ዕቃ አጠገቡ ካስቀመጥክ አታገኘውም።

ግራ_የገባት
በስመ አብ! ሌባ ነሽ ማለቱ ነው እንዴ?

ፈጣን_መላሽ
አይደለም እህቴ፣ አትስሚያቸው። ኳስ ላይም እኮ በረኛው እጁ ማግኔት ነው ይባላል። ሙገሳ ነው።

ነጠላ_ሰረዝ
እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ማነቃቂያ የሚሰጡ ሰዎች «የገንዘብ ማግኔት ሁን!» ይሉናል። «የስበት ህግ ነው፣ ያሰብከውን ትስባለህ» ይላሉ። እኔ የስበት ህግ የተማርኩት የኒውተንን ነው። ዕቃ ሲወድቅ የሚሠራው ያ ነው። እሱን በማሰብ የሳበ ሰው አላየሁም።

የጠመኔ_አቧራ
ልጄ፣ እዚያ ላይ ስህተቱ ድርብ ነው። የመሬት ስበትና የማግኔት ጉልበት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስበት ክብደት ያለውን ሁሉ ይስባል፣ አይመርጥም፣ አይገፋም። ማግኔት ይመርጣል፣ ደግሞም ይገፋል። ተቃራኒ ዋልታዎች ይሳሳባሉ፣ ተመሳሳይ ዋልታዎች ይገፋፋሉ። ሁለት ማግኔት ይዛችሁ ሰሜንን ከሰሜን ለማገናኘት ሞክሩ። መሃላቸው የማይታይ ትራስ ያለ ይመስላል። ተንሸራቶ ያመልጣል፣ ወይም ተገልብጦ በጀርባው ይለጠፋል።

እነዚያ አነቃቂዎች «ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ይስባል፣ ልክ እንደ ማግኔት» ሲሉ ስሰማ ጠመኔ መወርወር ያምረኛል። ማግኔት የሚያደርገው የዚያን ተቃራኒ ነው!

ነጠላ_ሰረዝ
ጋሼ ይህን ፖስተር ላይ አሳትሜ እሰቅለዋለሁ።

ድሮ_ቆፋሪ
ሰውን ማግኔት ማለት ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፍራንዝ መስመር የሚባል ሐኪም ነበር። መጀመሪያ ቪየና፣ ከዚያ ፓሪስ። ከሕያዋን ፍጡራን አካል ማግኔት መሰል ኃይል ይፈሳል፣ እኔ እሱን እያስተካከልኩ በሽታ እፈውሳለሁ ይል ነበር። ሴቱም ወንዱም እየተንቀጠቀጠ ይወድቅለታል። ከተማው አበደ።

እ.ኤ.አ. በ1784 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። አባላቱ ውስጥ አሜሪካዊው ሳይንቲስት ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ኬሚስቱ ላቯዚዬ አሉበት። ካደረጉት ሙከራ አንዱን ልንገራችሁ። በፍራንክሊን የአትክልት ስፍራ አንድ ዛፍ ብቻ «ማግኔት» ተደረገ፣ ያደረገውም የመስመር ደቀ መዝሙር የነበረ ሰው ነው። ከዚያ ዓይኑ የተሸፈነ የ12 ዓመት ልጅ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተወሰደ እንዲያቅፍ ተደረገ። ልጁ ያላበው፣ የሳለው፣ በመጨረሻም ራሱን ስቶ የወደቀው ማንም ያልነካቸው ዛፎች ሥር ነው። ወደ እውነተኛው ዛፍ ሳይደርስ! ኮሚሽኑ «ሥራው የምናብ ነው» ብሎ ዘጋው።

ንግግሩ ግን አልሞተም። በእንግሊዝኛ ሰው ማፍዘዝን የሚገልጽ ግስ ከዚሁ ሰውዬ ስም ወጣ። «የእንስሳ ማግኔትነት» ያለው ዛሬ የወንድ ወይም የሴት የሥጋ ማራኪነት መጠሪያ ሆኗል። ልጁ «ማግኔቷ» ሲል ሳያውቀው የመስመርን ቃል እየደገመ ነው።

ሰዋስው_ወዳጅ
ግሩም ነው። ቃሉ ራሱ ከየት መጣ ካላችሁ ደግሞ ከግሪክ ነው። የማግኔዥያ ድንጋይ ከሚለው። ማግኔዥያ የአገር ስም ነው። ሮማዊው ፕሊኒ ግን ሌላ ተረት አለው። ማግኔስ የሚባል እረኛ መንጋውን ሲያሰማራ የጫማው ምስማርና የበትሩ ጫፍ ድንጋዩ ላይ ተጣበቁበት ይላል። እኔ ተረቱን እወደዋለሁ። እግሩን ለማንሳት ሲታገል ይታየኛል።

እኛ ዘንድ ሁለት መልክ አለው። ማግኔት የአፍ ነው፣ መግነጢስ የመጽሐፍ ነው። ካቻቪቴውን «መግነጢስ አስነካው» የሚል ሰው የለም። ከመጽሐፍ ሲሆን ደግሞ «መግነጢሳዊ መስክ» እንላለን።

ቀጭን_ጥላ
መግነጢስ እኮ ዐረብኛ ነው። «መግናጢስ» ይላሉ እነሱ።

ሰዋስው_ወዳጅ
ዐረቦቹም ከግሪክ ነው የወሰዱት። እኛ ደግሞ የግሪክን «ት» በ«ጠ» መጻፍ የቆየ ልማዳችን ነው። ጴጥሮስን እይ፣ ጢሞቴዎስን እይ። ስለዚህ «ጢ» ብቻዋን ዐረብኛነቱን አትመሰክርም።

ቀጭን_ጥላ
እሺ፣ አንድ ለአንድ ወጣን።

ሁለት_ቋንቋ
ከቃል ሳንወጣ ይህንንም ስሙኝ። በፈረንሳይኛ ማግኔት «ኤማን» ነው። አጻጻፉም አነባበቡም «አፍቃሪ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው። ምንጫቸው ግን ለየቅል ነው፤ ማግኔቱ የመጣው አልማዝ ከመጣበት፣ ጠንካራ ድንጋይ ከሚል የቆየ ቃል ነው። በሂንዲ «ቹምባክ» ይባላል፤ ሥሩ በሳንስክሪት መሳም ነው። ሳሚው እንደማለት። ቻይናዎች በጥንት አጻጻፋቸው «ርኅሩኁ ድንጋይ» ይሉት ነበር፤ እናት ልጆቿን እንደምትሰበስብ ብረቱን ይሰበስባል ብለው። እንግዲህ ሰው ይህን ድንጋይ ባየ ቁጥር የሚመጣበት ፍቅር ነው። ልጁ ወዶሽ ይሆናል እህቴ።

ግራ_የገባት
ኧረ በፍጹም! ሚስት አለው፣ ደግሞ የሳቀው ቢሮው በሙሉ ነው።

ባዶ_ኪስ
ይቅርታ ክሩን ላጣምም። ደማችን ውስጥ ብረት አለ አይደል? ታዲያ ለምን ማግኔት አይስበንም? አንድ አጎት አለኝ፣ ማንኪያ ደረቱ ላይ ይለጥፋል።

የጠመኔ_አቧራ
በደም ውስጥ ያለው ብረት እንደ ምስማር አይደለም። አንድ አንድ እየሆነ ሄሞግሎቢን የሚባል የደም ፕሮቲን ውስጥ ታስሮ ነው ያለው። በጣም ብርቱ የሐኪም ቤት ኤምአርአይ ማሽን 1.5 ወይም 3 ቴስላ ጉልበት አለው፤ ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው። 1.5 ያለው ብቻ ከመሬት መግነጢሳዊ መስክ 30,000 እጥፍ ገደማ ነው። ሰው እዚያ ውስጥ ገብቶ ተኝቶ ይወጣል፤ ደሙ አይጎተትም። ኪሱ ውስጥ የተረሳ ቁልፍ ግን ጥይት ይሆናል። እንዲያውም ውኃ በማግኔት በጥቂቱ ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ1997 የፊዚክስ ሊቁ አንድሬ ጋይምና ባልደረቦቹ በ16 ቴስላ አካባቢ ሕይወት ያላት እንቁራሪት አየር ላይ አንሳፍፈዋል። እንግዲህ በተፈጥሮው ሰው ከማግኔት የሚሸሽ እንጂ የሚሳብ አይደለም።

አጎትህን ደረቱን የሕፃን ፓውደር ቀባውና ድገመው በለው። ማንኪያው ይወድቃል። የያዘው ላብና የቆዳ ቅባት ነው። የብርጭቆ ሳህንም እኮ ይለጠፋል፣ ብርጭቆ ደግሞ ማግኔት አያውቅም።

ባዶ_ኪስ
አጎቴ ከዛሬ ጀምሮ ጠላትዎ ነው ጋሼ።

ብሎን_ፈቺ
በዚያው ክትባት የወሰድንበት ክንድ ላይ ሳንቲም የሚለጥፉትንም ይጨምሩልን። እ.ኤ.አ. በ2021 ስንቱ ቪዲዮ ሲዞር ነበር።

የጠመኔ_አቧራ
ያም ላብ ነው።

እናት_ነኝ
እኔ ስለ ቃሉ አላውቅም፣ ስለ ዕቃው ግን ልናገር። እነዚያ እንደ ዶቃ ያሉ ትናንሽ የሚያብረቀርቁ ማግኔቶች ልጅ አጠገብ አታስቀምጡ። ሁለት ሦስት ከተዋጡ አንጀት ውስጥ ሆነው ይፈላለጋሉ። መሃላቸው የገባውን የአንጀት ግድግዳ ቆንጥጠው ይበሱታል። ልጅ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ «ይወጣል» ብላችሁ አትጠብቁ። ያኔውኑ ሐኪም ቤት ሩጡ።

ብሎን_ፈቺ
እውነቷን ነው። እነዚያ ኒዮዲሚየም ናቸው፣ ጉልበታቸው ከመጠናቸው ጋር አይመጣጠንም። ትልልቆቹ ጣት ይጨፈልቃሉ። ሙቀት ግን አይችሉም፤ ተራዎቹ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ መድከም ይጀምራሉ። ብያጅ ጠጋ ያደረግኩበት አንዱ ከዚያ ወዲያ ስፒል ማንሳት አቃተው።

የጠመኔ_አቧራ
ማንኛውም ማግኔት ወሰን አለው። ብረት ራሱ 770 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ብረቱ ያው ብረት ነው፣ ውስጡ ያለው ሰልፍ ነው የሚፈርሰው።

ድሮ_ቆፋሪ
ድሮ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ማግኔትን ይገድላል ይባል ነበር። ለብዙ መቶ ዓመት እየተገለበጠ ተጻፈ። አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት አንስቶ መሞከር ነበር እኮ! እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1600 መሬት ራሷ ትልቅ ማግኔት ናት ብሎ የጻፈ ነው። የነጭ ሽንኩርቱንም ወሬ ከንቱ ነው ብሎታል።

ነጠላ_ሰረዝ
እኔ ወደ ጠያቂዋ ልመለስ፣ ስንት ገጽ ተጓዝን። እንደኔ መለያው ይሄ ነው። ሰው ላይ የሚለጠፍ ሰው ማግኔት አይባልም። እሱ ሙጫ ነው። ጥቅም ፈልጎ ሲለጠፍ ደግሞ መዥገር ይባላል፤ «እንደ መዥገር ተጣበቀብኝ» እንላለን። ሙጫና መዥገር እነሱ ናቸው ወደ ሌላው የሚሄዱት። ማግኔት ሲባል ግን ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ነው፣ የሚመጣው ሌላው ነው። ስለዚህ «ትለጠፊያለሽ» ማለቱ አይደለም፣ እሱን ከራስሽ አውጪው። የቀረው ጋሼ ያሉት ነው። የምን ማግኔት?

የጠመኔ_አቧራ
በፊዚክስ እንኳ ብረቱ ማግኔቱን የሚስበውን ያህል ነው ማግኔቱ ብረቱን የሚስበው። ከባዱ ቁጭ ይላል፣ ቀላሉ ይሄዳል። ለንግግር ግን የአንተ ይበቃል። ልጅት፣ ጠይቂው። «የምን?» ብለሽ ብቻ።

ግራ_የገባት
እሺ ጋሼ። ነገ እጠይቀዋለሁ።

ፈጣን_መላሽ
ሙገሳ ነው፣ ታዪዋለሽ።

ግራ_የገባት
ጠየቅሁት! ቡና ሰዓት ላይ ጠጋ ብዬ «የምን ማግኔት?» አልኩት። ምንም ሳይመልስ እጄን ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ ወሰደኝ። ኪቦርዱን አነሳ። ሁለት እስክሪብቶ። መሳቢያውን ከፈተ። አራት። የሻይ ኩባያዬ ውስጥ ሦስት። «አንዱን ስጪኝ» አለኝ። ፀጉሬ ላይ የሰካሁትንም ረስቼው ነበር፣ እሱ መዘዘው። ጠቅላላ አሥር፣ አንዱም የኔ አይደለም። ቢሮው ውስጥ እስክሪብቶ የጠፋበት ሁሉ ለካ እኔ ጠረጴዛ ጋ መጥቶ ነው የሚወስደው። ለሁለት ዓመት!

ብሎን_ፈቺ
እኔ ምን ብዬ ነበር?

ግራ_የገባት
አልሰረቅኩም! ፈርሜ ይዤ እሄዳለሁ እንጂ።

ፈጣን_መላሽ
እስክሪብቶ ፕላስቲክ ነው፣ ማግኔት አይስበውም። ምሳሌው ራሱ አይሠራም።

የጠመኔ_አቧራ
ጠቅ የሚደረገው ዓይነት ከሆነ ውስጡ ሞላ አለው። ሞላው ብረት ነው። ይሳባል።

ግራ_የገባት
አሥሩም ጠቅ የሚደረጉ ናቸው ጋሼ።